ለጀማሪ የትኛው የኮምፒውተር ሥርዓት ይበጃል?

ኮምፒውተር ያለ ሥርዓተ ክወና፣ ማለትም ሌሎቹን ፕሮግራሞች ሁሉ ከሚያስተናብረው ዋና ፕሮግራም ውጭ፣ ግዑዝ ሣጥን ነው። ይህን ፕሮግራም ብዙ ሰው ሳይመርጥ ከዕቃው ጋር ይረከባል። በሰሜን ካርቱም በካፉሪ ሰፈር ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2017 በሱዳን ላይ የንግድ ማዕቀብ ጥላ ስለ ነበር፣ የሰፈሩ ነዋሪ የአሜሪካ ኩባንያ የሠራውን ፕሮግራም በዋጋው ልግዛ ቢል እንኳ ገንዘቡን የሚልክበት ባንክ ማግኘት ያዳግተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ሶርስፎርጅ የተባለው፣ ነጻ ፕሮግራሞች የሚከማቹበት የኢንተርኔት መጋዘን ሳይቀር በሱዳን ላይ በሩን ዘግቶ ነበር።

ይሁን እንጂ ሊኑስ ቶርቫልድስ በፊንላንድ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1991 በጀመረው በሊኑክስ ላይ የተመሠረቱ ሥርዓቶች አሠራራቸው ለሁሉ የተገለጠ ነው፤ ፈቃዳቸውም ማንም ገልብጦ ለጎረቤቱ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። አንድ ቅጂ ወደ ሰፈሩ ከገባ ማዕቀብ አይመልሰውም። እ.ኤ.አ. በ2023 ጦርነት ከተነሣ በኋላ፣ በ2024 የካቲት ወር ኢንተርኔት በአብዛኛው የሱዳን ክፍል ሲቋረጥም፣ በፍላሽ የተያዘ ሊኑክስ በኮምፒውተር ላይ ሊጫን ይችል ነበር።

እንግዲህ ከእነዚህ ሥርዓቶች የትኛው ይመረጥ? ቁጥራቸው ከመቶ በላይ ስለ ሆነ ጀማሪው ይደናገራል፤ ባለሙያዎቹም ስለ ብልጫቸው የሚገጥሙት ሙግት እንደ ርስት ክርክር ማለቂያ የለውም። በእኔ አስተያየት ለጀማሪ የሚስማማው ሊኑክስ ሚንት ነው። የፕሮግራሞቹ ዝርዝር እንደ ቀድሞው ዊንዶውስ ከገጹ ግርጌ በስተ ግራ ስለሚገኝ፣ ከዚያ የመጣ ሰው መንገዱ አይጠፋበትም። የተሠራውም በኡቡንቱ መሠረት ላይ ሲሆን ለአምስት ዓመት እድሳት ይደረግለታል። ሆኖም ጎረቤቱ ኡቡንቱን የሚያውቅ ከሆነ ኡቡንቱን ይምረጥ፤ ሲቸግረው የሚጠይቀው ሰው በቅርብ መኖሩ ከገጽ ውበት ይልቅ ይጠቅመዋልና። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ስለ ገባ አማርኛ በሁለቱም ይጻፋል፤ የአማርኛውን የፊደል ገበታ ከማስተካከያው መጨመር ብቻ ያስፈልጋል።

መሥሪያ ቤቱ በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ የሒሳብ ፕሮግራም የሚጠይቀው ሰው ግን ባይቸኩል ይሻላል። ሌላው ሥርዓቱን በፍላሽ ላይ አድርጎ ኮምፒውተሩን ከዚያው አስነሥቶ ይሞክረው፤ እንዲህ ሲያደርግ በውስጡ የተቀመጠው ሥራ ሳይነካ፣ ድምፁ፣ ዋይፋዩና ማተሚያው መሥራታቸውን ለማየት ይችላል።