ቤተ ሰብ ይዞ ኢስታንቡል ለሚሄድ ነጋዴ ማደሪያው ከኮረብታው ላይ ይሁን

ለንግድ ወደ ኢስታንቡል የሚመላለሱ ወገኖቻችን ብዙዎቹ የሚያርፉት ላሌሊ በሚባለው ሰፈር እንደ ሆነ የታወቀ ነው። የልብሱ መደብርም፥ ዕቃ አሽጎ የሚልከው የካርጎ ቤትም በአንድ አካባቢ ስለሚገኝ፥ ብቻውን ለሚሄድ ነጋዴ ከዚያ የተሻለ ማደሪያ አለ ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን የትምህርት ቤት መዘጋትን ጠብቀው ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውን አስከትለው የሚሄዱም አሉ። ለእነዚህ ላሌሊ የሚስማማ ስላልመሰለኝ ሐሳቤን ለመግለጽ እወዳለሁ።

ባለፈው ክረምት አሠሪዬ ከባለቤታቸውና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ሲሄዱ፥ እኔም ሒሳቡን ለመያዝ ተከትዬ ነበር። እንደ ልማዳችን በመደብሮቹ መካከል ባለ አንድ ሆቴል ዐረፍን። ካርቶን የሚታሸግበት ፕላስተር ሲተረተር የሚያሰማው ድምፅ እስከ እኩለ ሌሊት አላቋረጠም፤ በጠባቡ መንገድ የሚተራመሱት የጭነት መኪናዎችም ልጆቹን ከደጅ አላስወጣ አሉ። በሦስተኛው ቀን ወይዘሮዋ «እኔ የመጣሁት ካርቶን ልጠብቅ ነው?» ቢሏቸው አሠሪዬ መልስ አጡ።

ስለዚህ ወደ ፋቲህ ኮረብታ ተዛወርን። አሮጌው ኢስታንቡል እንደ ሮማ በሰባት ኮረብታዎች ላይ የተሠራ ሲሆን፥ ላሌሊ በሦስተኛው ኮረብታ ጎን፥ የፋቲህ መስጊድ ግን በአራተኛው አናት ላይ ይገኛል። በመካከላቸው ባለው ሸለቆ ላይ በንጉሠ ነገሥት ቫሌንስ ዘመን፥ በ4ኛው መቶ ዓመት፥ የተፈጸመው የውሃ ማሳለፊያ ድልድይ እስከ ዛሬ ቆሟል። መስጊዱን ያሠሩት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1453 ዓ.ም. ቁስጥንጥንያን የያዙት ሱልጣን መሐመድ 2ኛ ናቸው። ሰፊው ግቢ ወደ ማታ በቤተ ሰብ ይሞላል፤ ልጆችም ያለ ሥጋት ይሯሯጡበታል። ረቡዕ ዕለት በመስጊዱ ዙሪያ ታላቅ ገበያ ይቆማል፤ አሠሪዬ ለዕረፍት ብለው ወጥተው የጨርቅ ዋጋ ሲጠይቁ ያገኘናቸውም እዚያው ነው። በድልድዩ አጠገብ ደግሞ የሴቶች ገበያ በሚባለው ስፍራ ማር፥ አይብና በጉድጓድ የተጠበሰ የበግ ሥጋ ይገኛል። ከዚህ ሁሉ ጋር እስከ ላሌሊ በእግር ቢሄዱ ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

ሆኖም ኮረብታው ሁሉ አንድ አይደለም። ወርቃማው ቀንድ ወደሚባለው የባሕር ክንድ የሚወርዱት መንገዶች ቀጥ ያሉ ስለሆኑ፥ የሕፃን ጋሪ ለሚገፋ ወይም ጕልበቱ ለደከመ ሰው ፈተና ናቸው። ቤት የሚሻ ሰው በአናቱ ከሚያልፈው ከፌቭዚ ፓሻ ጎዳና ሳይርቅ ይፈልግ። ሰፈሩ ሃይማኖት አጥባቂ ነው፤ መጠጥ ያለበት ምሽት ለሚወድ አይስማማውም።

ስለ ኪራይም አንድ ነገር ልጨምር። የቱርክ መንግሥት በአውሮፓ አቆጣጠር ከጥር 1 ቀን 2024 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 100 ቀን ለጎብኚ የሚከራይ መኖሪያ ቤት ፈቃድ እንዲኖረውና ምልክቱም በደጃፉ እንዲለጠፍ ደንግጓል። እኛ ግን ይህን ሳናጣራ ቀብድ የከፈልንበት የመጀመሪያው ቤት ፈቃድ የሌለው ሆኖ ተገኘ፤ ገንዘቡም ቀረብን። ጥፋቱ የእኔ የጸሐፊው ነበርና አሠሪዬ ስለ ታገሡኝ አመሰግናቸዋለሁ። አንባቢ ግን አስቀድሞ የምልክቱን ፎቶግራፍ ያስልክ።

ዘንድሮ ስለ ጉዞው ስንነጋገር አሠሪዬ እንደ ቀድሞው ላሌሊ ላሌሊ ማለታቸው አልቀረም። ወይዘሮዋ ግን የኮረብታውን ቤት አድራሻ በወረቀት ጽፈው ቀድመው ሰጥተውኛል።