ሁለተኛው መሰኪያ ኮምፒዩተርን ያፈጥናልን?

በሐዋሳ ያለነው የኮምፒዩተር ክበብ አባሎች ካጠራቀምነው ገንዘብ፥ ለፕሮሰሰሩ ሁለት የኃይል መሰኪያ ያለው ውድ ማዘርቦርድ እንግዛ የሚሉ ጓደኞች ተነሥተዋል። ፍጥነት ይጨምራል ይላሉ። እኔ ግን አልስማማም፤ መሰኪያ መንገድ ነው እንጂ ጉልበት አይደለም።

ፕሮሰሰራችን 65 ዋት ሲፈጅ በ12 ቮልት የሚስበው 5.4 አምፔር ገደማ ነው። ይህንንም ባለ 8 ፒኑ መሰኪያ ብቻውን፥ በአራት ሽቦ አካፍሎ ያለ ጭንቀት ያደርሰዋል። ተጨማሪው ባለ 4 ፒን የሚያስፈልገው ፕሮሰሰሩን ከተወሰነለት ፍጥነት በላይ አስሩጦ ብዙ መቶ ዋት ለሚያስፈጅ ሰው ነው፤ ለእርሱም ቢሆን ጥቅሙ ሽቦውና መሰኪያው እንዳይግሉ ነው።

የእኛው ኮምፒዩተር የሚንቀራፈፈው በ4 ጊጋባይት ሜሞሪና በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ስለሚሠራ ነው። ስለዚህ በገንዘቡ ኤስኤስዲና ሜሞሪ ይገዛ እላለሁ። ከተረፈም፥ መብራት እልም ባለ ቁጥር የጻፍነው ሁሉ አብሮ እንዳይጠፋ፥ ዩፒኤስ ይጨመርልን።