አገር ስጠኝ!

ልጆች ሳለን ማታ በምድጃ ዳር እንቆቅልሽ ያልተጫወተ ከመካከላችን አይገኝም። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይቀበላል። መልሱ የጠፋው እንደ ሆነ ፍርዱ አንድ ነው፤ «አገር ስጠኝ!» ይባላል። ያላወቀው ልጅም «ጎንደርን ሰጠሁህ»፥ «ሐረርን ሰጠሁህ» እያለ የማያውቀውን አገር ሁሉ ሲያድል ያመሻል። እኛ ይህን እንደ ልጅ ጨዋታ ቆጥረን አልፈነዋል። ነገር ግን የጨዋታው ሕግ ያለ ምክንያት የቆመ አይመስለንም፤ ያላወቀ አገር ይሰጣል።

ይህን ነገር ያስታወሰን በቅርቡ በአንድ አዳራሽ ተገኝተን የተመለከትነው የጠቅላላ ዕውቀት ውድድር ነው። በፕሮግራሙ ላይ «የወቅቱ ጉዳይ» የሚል ክፍል ነበረና ጠያቂው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የማመንጨት ዐቅም ስንት ሜጋ ዋት እንደ ሆነ ጠየቀ። አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ እኅታችን ሳታመነታ «5,150» ብላ መለሰች። ጠያቂው ወረቀቱን አየና «ተሳስተሻል» ብሎ ጥያቄውን ለተቃራኒው ወገን አሳለፈ። ያኛው ወገን «6,000» አለ፤ ነጥቡን ወሰደ፤ ጭብጨባው አዳራሹን አናጋው። እኅታችን ልታስረዳ ብድግ ብትል «የዳኛ ውሳኔ የመጨረሻ ነው» ተባለችና ተቀመጠች።

እንግዲህ እውነቱ የትኛው ነው? የመሠረት ድንጋዩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲጣል የተነገረው ዐቅም 5,250 ሜጋ ዋት ነበር። ቆይቶ 6,000 ተባለ፤ ከዚያም ወደ 6,450 ከፍ አለ። በመጨረሻ የተርባይኖቹ ቁጥር ከ16 ወደ 13 ዝቅ ሲል ዐቅሙ 5,150 ሆነ፤ ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውም በዚሁ ቁጥር ነው። ስለዚህ የጠያቂው ወረቀት የያዘው ቁጥር ፈጠራ ሳይሆን ጊዜው ያለፈበት እውነት ነበር። የወቅቱን ጉዳይ ተከታትላ ያነበበችው ተቀጣች፤ ከድሮ ወረቀት የሸመደደው ተሸለመ። ከዚህም የከፋው «ለምን?» ብሎ መጠየቅ በአንድ የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ውስጥ እንደ ጥፋት መቆጠሩ ነው።

ይሁን እንጂ ቅሬታችን በተሳሳተው መልስ ላይ ብቻ አይደለም። ወረቀቱ ትክክል ቢሆን ኖሮስ? 5,150 የሚለውን ቁጥር ያወቀ ተማሪ ስለ ግድቡ ምን ዐወቀ? ይህን ያህል ኃይል ዓመቱን ሙሉ ቀን ከሌት ያለ ማቋረጥ ቢመነጭ ከ45,000 ጊጋ ዋት ሰዓት በላይ በሆነ ነበር። ለዓመት የታቀደው ግን 15,700 ገደማ ነው፤ ከሁለት እጅ ያነሰ፥ አንድ ሦስተኛውን ጥቂት ያለፈ ብቻ ነው። ለምን? ምክንያቱም የዓባይ ውሃ አብዛኛው በክረምት ወራት የሚወርድ ነውና፤ በድንበር የሚያልፈውም በአማካይ በዓመት 49 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ነውና። ሐይቁ ግን 74 ቢሊዮን ይይዛል። ይህን የተረዳ ሰው ሙሌቱ ከ2012 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በየዓመቱ በጥቂት በጥቂቱ የተከናወነበትን ምክንያት፥ የታችኞቹ አገሮችም የተከራከሩበትን ነጥብ ሳይሸመድድ ያውቀዋል።

ጥያቄው አጭር መሆን አለበት የሚል ካለም አጭር ጥያቄ እንሰጠዋለን። በ1952 ዓ.ም. ግብፅና ሱዳን ኢትዮጵያ ባልተጠራችበት ስምምነት የናይልን ውሃ ተካፈሉ። በአስዋን በዓመት ይደርሳል ተብሎ የተያዘው 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው። ለትነት 10 ተቀነሰ፤ ለግብፅ 55.5፥ ለሱዳን 18.5 ተመደበ። ለላይኞቹ አገሮች ስንት ቀረ? ደምሮ መቀነስ የሚችል ሁሉ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ይመልሰዋል። መልሱም ባዶ ነው። ይህን አንድ ጊዜ በራሱ እጅ ያሰላ ተማሪ ዕድሜውን ሁሉ አይረሳውም፤ ነገ በድርድር ጠረጴዛ ቢቀመጥም የሚናገረውን ያውቃል።

«ታሪክ ነው እንጂ ዜና አይደለም» እንዳይሉን የድሮውን ዜናም እንጥቀስ። የውጫሌ ውል የተፈረመበት ቀን በየውድድሩ ይጠየቃል፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ብሎ የማይመልስም የለም። ነገሩ ግን ከቀኑ ላይ አልነበረም። አሥራ ሰባተኛው አንቀጽ በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አማካይነት መላላክ «ይችላሉ» የሚል ሐሳብ ሲይዝ፥ በኢጣሊያንኛው መላላኩን ግዴታ አደረገው። በአንድ ግስ አገር ልትወሰድ ነበር። ያን ጊዜ አገሪቱን የጠቀማት ቀኑን የሚያስታውስ ሰው ሳይሆን ሁለቱን ጽሑፍ አስተያይቶ «ይህስ ከየት መጣ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ነው፤ ጉዳዩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ በደም ተዘጋ።

እርግጥ ነው፤ ቁጥርና ቀን አይጠየቅ አንልም። ፊደል ሳይቆጥሩ ዳዊት አይደገምም። የብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ የለቀቀው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መሆኑን፥ አንድ ዶላር ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ ይመነዘር እንደ ነበር የማያውቅ ሰው ስለ ኑሮ ውድነት ሲከራከር ቢውል ጩኸት ብቻ ነው። ነገር ግን በዚያ ቆመን «ዶላር ዛሬ ስንት ገባ?» ብለን ብንጠይቅ መልሱ የጥያቄው ቀለም ሳይደርቅ ይለወጣል። ነዳጁን በሙሉ ከውጭ በሚገዛ አገር የምንዛሪው ለውጥ ከገጠር የሚመጣውን የጎመን ዋጋ እንዴት ሊነካ እንደሚችል ብንጠይቅ ግን የሚመልሰው ልጅ ማሰብ አለበት።

ስለ ራሳችንም እውነቱን እንናገር። ዜና የምንሰማው በኪሳችን ከያዝነው ስልክ ነው፤ ካነበብነው ይልቅ ያስተላለፍነው ይበልጣል። ማን ጻፈው፥ መቼ ጻፈው፥ ፎቶግራፉ የየት አገር ነው ብሎ የሚጠይቅ ከመካከላችን ስንቱ ነው? አባቶቻችን «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ብለው ነበር፤ እኛ ግን ወሬውን እንጂ መላውን አልጨመርንም። የቅኔ ተማሪ ሌላው የተናገረውን ቅኔ ይዞ መምህሩ ፊት አይቀርብም፤ የራሱን አዲስ ቆጥሮ ይቀርባል እንጂ። እኛ በዩኒቨርሲቲ ተምረን በተውሶ ቃል የምንኖረው ስለ ምንድን ነው?

ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራችን ለሚቀጥለው ውድድር የሚከተሉትን እንዲመለከትልን እናሳስባለን። አንደኛ፥ በእያንዳንዱ ጥያቄ ወረቀት ላይ መልሱ ከየትና በምን ቀን እንደ ተወሰደ ይጻፍ። ሁለተኛ፥ ከጥያቄዎቹ ግማሹ «ለምን» እና «እንዴት» የሚሉ ይሁኑ። ሦስተኛ፥ ከእውነተኞቹ ዜናዎች መካከል አንድ ሐሰተኛ ይግባና ተወዳዳሪው ለይቶ ያወጣው ዘንድ፥ የለየበትንም ምክንያት ይናገር ዘንድ ይጠየቅ። አራተኛ፥ ማስረጃ ይዞ የተነሣ ተወዳዳሪ ይሰማ፤ ዳኛውም ቢሳሳት «ተሳስቻለሁ» ማለት አያዋርደውም። ይህ ሁሉ ገንዘብ አያስወጣም፤ ድካም ብቻ ነው የሚጠይቀው።

በልጅነታችን እንቆቅልሽ አገሩን የወሰደው ጠያቂ ወስዶ ዝም አይልም ነበር። መልሱን ይናገራል፤ ነገሩ ከነገሩ ጋር በምን እንደሚመሳሰልም ያስረዳል፤ የተሸነፈውም ልጅ ዐውቆ ይተኛል። በዚያ አዳራሽ ግን እኅታችን ነጥቧን ተነጥቃ፥ ያወቀችውንም እንዳትናገር ተከልክላ ወደ ቤቷ ሄደች። ስድስት መቶ ያህል ሆነን አብረን አጨበጨብን፤ እኛም ከአጨብጫቢዎቹ ነበርን። ያን ምሽት አገር የሰጠችው እርሷ አልነበረችም።