ጥይትም የአባት ስም አለው

እስቲ ከአያቶቻችን እንጀምር። የፈረንሳዩ ፉዚል ግራ አገራችን ሲገባ «ውጅግራ» ብለው ጠሩት። ማንሊኸር «ምንሽር» ሆነ፣ ከቤልጂክ የመጣው ደግሞ «በልጅግ»። ፋብሪካውን አላስፈቀዱም፣ ማንም ግን አልተሳሳተም። የውጅግራ ጥይት ለምንሽር እንደማይሆን ከስሙ ይታወቅ ነበር። ስም ጌጥ ሳይሆን መለያ ነበር ማለት ነው።

ይህን ያነሳነው አሜሪካ ውስጥ ስላለ የስም ጣጣ ልናወራ አስበን ነው። ከወዲሁ እንናዘዝ፤ እኛ ጠመንጃ የለንም፣ አደንም አንወጣም። የኛ ጉዳይ ስሙ ነው። አንድን ነገር የሠራ ሰው ስሙን እንደ ግል ሳጥን ሊቆልፈው ይገባል ወይ? እኛ አይገባም ባዮች ነን።

አሜሪካኖች «ዋይልድካት» የሚሉት ጥይት አለ፤ የዱር ድመት እንደማለት ነው። ፋብሪካ በብዛት ያላመረተው፣ ከ1926 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የአምራቾቹ ደረጃ አውጪ ተቋም (ሳሚ ይሉታል) ያላጸደቀው፣ አንድ ሰው በራሱ ወርክሾፕ ከሌላ ጥይት ቀለህ ያበጀው ነው። የቀለሁን አንገት ያጠባል ወይም ያሰፋል፣ ትከሻውን ይለውጣል፣ ለዚያ የሚሆን ጠመንጃ ያዘጋጃል። ከዚያ ስም ያወጣል። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የጥይት ስም ቁጥር ስለሆነ ግልጽ የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። በ.30-06 ውስጥ 06 ዓመት ነው፣ 1906። በ.45-70 ውስጥ 70 የባሩዱ ክብደት ነው። በ.250-3000 ውስጥ ደግሞ 3000 ፍጥነት ነው፤ እርሳሱ በሴኮንድ 3000 ጫማ ይበራል ብሎ ለመኩራራት በ1915 የወጣ ማስታወቂያ ነው። አንድ ሰረዝ፣ ሦስት ትርጉም! ሰረዙ የሚለውን ለማወቅ ታሪክ ማጥናት ግድ ነው።

ዋይልድካት ሠሪዎች ግን ቆንጆ ልማድ አመጡ። አዶልፍ ኒድነር የተባለ ጠመንጃ ሠሪ የ.30-06ን ቀለህ ወስዶ አንገቱን ወደ .25 አጠበበው፤ ጥይቱ .25-06 ተባለ። ልብ በሉ፣ የኛው አሰያየም ነው! የራሱ ስም ፊት፣ የአባቱ ስም ኋላ። ስሙን የሰማ ሰው የእርሳሱን ስፋትም የቀለሁን ዘርም ያውቃል። ሬሚንግተን በ1969 ወደ ፋብሪካ ሲያስገባው ስሙን መቀየር አላስፈለገውም።

አሁን ወደ ቆላፊዎቹ እንምጣ። በ1930ዎቹ ጄቢ የተባለ ጠመንጃ ሠሪ ያንን የ.250 ቀለህ ወደ .22 አጥብቦ «ቫርሚንተር» አለው፣ ስሙንም በሕግ አስመዘገበው። ሌሎቹ ጠመንጃ ሠሪዎች ምን አደረጉ? ጥይቱን መሥራት አላቆሙም፣ ስሙን ተዉለት። .22-250 ብለው በአባቱ ስም ጠሩት። በ1965 ሬሚንግተን ሲያመርተው የወሰደው ይህንኑ የሕዝብ ስም ነው። ዛሬ .22-250ን የማያውቅ አዳኝ የለም፤ «ቫርሚንተር» ግን የታሪክ አዋቂዎች ወሬ ሆኖ ቀርቷል።

ትምህርት የወሰደ የለም። ጄ ዲ ጆንስ .300 ዊስፐርን ሠራ፤ «ዊስፐር»ም የንግድ ምልክት ሆነ። ቆይቶ ሌላ ኩባንያ በመጠን እጅግ የሚቀራረብ ጥይት .300 ብላክአውት በሚል አዲስ ስም አቀረበ፣ በ2011 ደረጃ ወጣለት፣ ገበያውን ወረሰ። መቆለፍ ያተረፈው ይህንን ነው።

ግን እዚህ ላይ ወራሹንም እንወቅሳለን። የብላክአውት ቀለህ ከ.223 የተወለደ ነው። ካዝናው አንድ ነው፣ ጥይቱም አንዳንዴ .223 ጠመንጃ ውስጥ ይጎርሳል። የ.30 እርሳስ ግን በ.22 በርሜል አያልፍም። በስህተት የተኮሱ ሰዎች ጠመንጃቸው እጃቸው ላይ ፈንድቷል። ስሙ ስለ አባቱ አንድም ቃል አይናገርም። «ብላክአውት»፣ ጨለማ፣ ለጆሮ ይጥማል፤ ለተኳሹ ግን ምን ነገረው? ስም ብቻውን አደጋ አይከለክልም፣ እሱን እናውቃለን። ማስጠንቀቅ የሚችልበትን ቦታ ለማስታወቂያ መስጠት ግን ቀልድ አይደለም።

«ሰውዬው ለፍቶ ሠርቶ ስሙን ቢያስከብር ምን አጠፋ?» የምትሉን አላችሁ። ክብሩን አልነፈግንም። ፒ ኦ አክሊን ተመልከቱት። የታወቁ ጥይቶችን ትከሻ ቀጥ እያደረገ ሲያሻሽል የአባትየውን ስም አልፋቀም፤ ከኋላው «አክሊ ኢምፕሩቭድ» ብሎ ጨመረበት። ማን እንደሠራው ታወቀ፣ ከምን እንደሠራውም ታወቀ። .280 አክሊ ኢምፕሩቭድ ሰውየው በ1989 ካረፈ ከዓመታት በኋላ ደረጃ ወጥቶለት ፋብሪካ ገብቷል፣ ስሙም አብሮት።

ይኸው አክሊ ቀልድም ያውቅበታል። ትልቁን .378 ዌዘርቢ ቀለህ ወደ .22 አጥብቦ በሴኮንድ 5000 ጫማ ለመድረስ ሞከረ፤ አልደረሰም። ስሙን «ኢርገስፕሊተን ላውደንቡመር» አለው፤ ጀርመንኛ የሚመስል፣ ጆሮ የሚሰነጥቅ ድምፅ አለው ለማለት የተፈጠረ ፌዝ ነው። አያችሁ? በራሱ መሳቅ የሚችል ሰው ስም አይቆልፍም።

እንግዲህ የኛ አቋም ይህ ነው። ስም የሚወጣው ለሚጠራው እንጂ ለሚሰይመው ብቻ አይደለም። የሠራችሁት ነገር ከየት እንደመጣ ስሙ ይናገር፤ የናንተን ስም ከጎኑ አድርጉት፣ ማንም አይከለክላችሁም። አባቱን ፍቃችሁ በራሳችሁ ማኅተም ከቆለፋችሁት ግን ሕዝቡ አይጣላችሁም፣ አይከሳችሁም። እንደ አያቶቻችን ሌላ ስም ያወጣለታል፣ ያ ስምም ከናንተው ይበልጣል።

ውጅግራን ያስፈቀደ ማን ነበር?