ቲሸርት አዳዮች እንጂ የተራራ መሪዎች አይደላችሁም

ሰሞኑን በየቴሌግራሙ የሚለጠፉትን የሃይኪንግ ማስታወቂያዎች እስቲ ልብ ብላችሁ አንብቧቸው። ትራንስፖርት አለ፣ ቁርስና ምሳ አለ፣ ፎቶግራፈር አለ፣ ድሮን ሳይቀር አለ። የቡድኑ ስም የታተመበት ቲሸርትም በነጻ አለ። ስለ ልብስ ግን ቢበዛ አንድ መስመር ነው፤ ምቹ ጫማና ሙቅ ልብስ ያዙ ይላል። ሙቅ ልብስ ማለት ምን ማለት ነው? ጋቢ ነው? የጂንስ ጃኬት ነው? የሚመልስ የለም።

ክርክሬ አጭር ነው። ገንዘብ ተቀብሎ ሰው ተራራ የሚያወጣ ሁሉ ምን እንደሚለበስ በዝርዝር መናገር፣ ሳያሟላ የመጣውንም ከአውቶቡሱ ማስቀረት አለበት። ይህን የማይሠራ አዘጋጅ በሰው ነፍስ እየቆመረ ነው።

እንጦጦና መናገሻ ሱባ ሳላችሁ ችግር አልነበረም። ቢዘንብባችሁ ብዙም ሳይቆይ ቤታችሁ ናችሁ። አሁን ግን ገበያው ሰፍቶ ጓሳ፣ ጮቄ፣ ሰሜን ተራሮች፣ ባሌ ሳነቲ ደርሷል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በግምት 6 ዲግሪ ይወርዳል። አዲስ አበባ 20 ዲግሪ በሆነበት ቀትር፣ ከ4,500 ሜትር በላይ በሆነው ራስ ዳሸን አናት ላይ 7 ወይም 8 ዲግሪ ቢሆን የሚገርም አይደለም። ይህ ነፋሱ ሳይቆጠር፣ በረዶው ሳይወርድ ነው።

ያ በነጻ የምታድሉት ቲሸርት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጥጥ ነው። ጥጥ ውሃ ይመጥጣል፣ ለመድረቅም ይዘገያል። ውሃ ሙቀትን ከሰውነት የሚነጥቀው ከአየር 25 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ነው። ለመራስ ደግሞ ዝናብ አያስፈልግም፤ ዳገቱን ስትወጡ ላባችሁ ይበቃል። አናት ላይ ደርሳችሁ ለድሮኑ እጃችሁን ስታወዛውዙ ነው ብርዱ የሚጀምረው። መንቀጥቀጥ፣ ጣት አልታዘዝ ማለት፣ ምላስ መተሳሰር፣ መደናቀፍ። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሃይፖተርሚያ ይባላል፤ እኛ ዘንድ ግን «ደክሞት ነው» ተብሎ ይታለፋል።

«ታካብዳለህ» የምትሉ አላችሁ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. በቻይና ጋንሱ ግዛት በተካሄደ የ100 ኪሎ ሜትር የተራራ ሩጫ 21 ሰዎች በብርድ ሞተዋል። ከሟቾቹ አንዱ በአገሪቱ የታወቀው የረጅም ርቀት ሯጭ ሊያንግ ጂንግ ነበር። ከፍታው 2,000 ሜትር አካባቢ ነበር፤ አዲስ አበባ ከዚያ ትበልጣለች። ድንገት ዝናብ፣ በረዶና ኃይለኛ ነፋስ መጣ። ብዙዎቹ ቁምጣና ስስ ካናቴራ ነበር የለበሱት። የነፋስ መከላከያ ጃኬት በግዴታ ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ከሞት ከተረፉት መካከል ስድስቱ የተረፉት ዡ ኬሚንግ የሚባል እረኛ ወደ ተጠለለበት ዋሻ አስገብቶ እሳት ስላነደደላቸው ነው። ልብ በሉ፣ እነዚህ የሠለጠኑ ሯጮች ናቸው። የኛ ተጓዥ ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ተቀምጦ የሚውል ሰው ነው።

ስለ እረኛ ካነሳን፣ አንድ አዘጋጅ «የአገሬው እረኛ በጋቢ አይደል እንዴ የሚውለው?» ብሎኛል። እረኛው ሰማዩን አይቶ ዝናቡ መቼ እንደሚመጣ ያውቃል፣ ዋሻው የት እንዳለ ያውቃል፣ ማታ እሳት ዳር ይገባል። ደግሞም በጋቢ ብቻ አይውልም። መንዝ ላይ ከጓሳ ሣር የተሠራ ገሳ ደርቦ ዝናቡን ያሳልፋል፤ ብርዱን ከበግ ጸጉር በተሠራ ባና ይመክታል። ሱፍ ቢረጥብም ሙቀቱን ጨርሶ አይለቅም። ሰዉ ሱፍ ወደሚለብስበት አገር ጥጥ አልብሳችሁ ትወስዱናላችሁ ማለት ነው። ጋቢን አልጠላም፤ ድንኳን ውስጥ የሚያህለው የለም። ዝናብ ውስጥ ግን የረጠበ ሸክም ነው።

ሁለተኛው ሰበብ ዋጋ ነው። የውጭ አገር ጎብኚ የሚለብሰውን ውድ ጃኬት ማንም አልጠየቀም። ከሥር የኳስ ማሊያ ይበቃል፤ ፖሊስተር ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል። ከላዩ የሱፍ ሹራብ ወይም ፍሊስ። ከሁሉ በላይ ውሃ የማያስገባ ጃኬት ወይም ሰፊ የዝናብ ልብስ። ሲሞቃችሁ ታወልቃላችሁ፣ ሲበርዳችሁ ትደርባላችሁ፤ አንድ ወፍራም ካፖርት ይህን አይሠራም። ሱሪው ስስ ናይለን ይሁን፤ ጂንስ አንዴ ከራሰ ቀኑን ሙሉ እግራችሁ ላይ ይለጠፋል። አንድ ቅያሪ ካልሲና ካናቴራ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይያዝ። ጃኬት ስትገዙ ደረቱ ላይ የተጠለፈው ስም አያታላችሁ፣ መርካቶ ውስጥ የማይጠለፍ ስም የለም። ገልብጡና ስፌቱ ከውስጥ በቴፕ መታሸጉን እዩ። ካልታሸገ ጨርቁ ውሃ ቢከለክልም በስፌቱ ይገባል።

ሌላም አለ። ተጓዡን አጅቦ የሚወጣው ስካውትና በቅሎ ነጂ ብዙ ጊዜ በላስቲክ ጫማና በሳሳ ኮት ነው የሚያድረው። ለፎቶግራፈር የሚሆን ገንዘብ ካለ ለሱ የዝናብ ልብስ የሚሆን እንዴት ይጠፋል?

ስለዚህ የልብሱ ዝርዝር ማስታወቂያው ላይ ከዋጋው እኩል በትልቁ ይጻፍ። መነሻው ላይ ቦርሳ ይፈተሽ። መሪው ቢያንስ ሁለት ትርፍ ጃኬት ይያዝ፤ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሲያይ ቡድኑን የመመለስ ሥልጣንም ይኑረው። «ደንበኛ ይሸሻል» ትላላችሁ። ጃኬት ያዝ ስለተባለ የሚሸሽ ደንበኛ ይሽሽ። ቲሸርቱንም ማደል ካልቀረ፣ ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ አድሉት።