የባሕር ኃይላችን መሪ መርከብ ደወል የት ገባ?

የጦር መርከብ አርጅታ ለብረታ ብረት ስትሸጥ አካሏ ተቆራርጦ ይቀልጣል። ደወሏ ግን ብዙ ጊዜ ይተርፋል። በነሐሱ ላይ የመርከቧ ስም፣ አንዳንዴም ዓመቱ ተቀርጿል። መርከቧ ስም ብትቀይር እንኳ በቀድሞው ደወል መጠቀም የባሕረኞች ልማድ ነው። እናም የአንድ አሮጌ ደወል የዘር ሐረግ ሲቆጠር የሚነበበው የአገር ታሪክ ነው።

እስቲ የኛን እንቁጠር። የባሕር ኃይላችን መሪ መርከብ «ኢትዮጵያ» የተወለደችው ምጽዋ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1942 በአሜሪካ ሲያትል አቅራቢያ፣ ዋሽንግተን ሐይቅ ዳር ተሠርታ ውሃ ላይ ስትወርድ ስሟ «ኦርካ» ነበር። ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን የሚኖሩት እዚያው አካባቢ ነው። በ1944 በፊሊፒንስ ከጃፓን ጋር በተደረገው ጦርነት አገልግላለች። በ1962 ለኢትዮጵያ በውሰት ተሰጠች፤ በ1976 ተሸጠችልን። የባሕር ኃይል ካዴቶቻችን ሙያቸውን የተለማመዱት በእሷ ላይ ነው።

ከዚያስ? በ1974 ደርግ የባሕር ኃይሉን መሪ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታን ያለ ፍርድ ረሸነ። በ1990 ምጽዋ ከእጅ ወጣች። በ1991 መርከቧ ወደ የመን ሸሸች፤ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። የቀሩትም መርከቦች በኢሕአዴግ ዘመን፣ በ1996 ጅቡቲ ላይ ለሐራጅ ቀረቡ። አንዱ አዛዡን ገደለ፣ ሌላው ንብረቱን ሲበተን ቆሞ አየ!

«ሕዝብ እየተራበና እየተፈናቀለ ስለ ደወል ማውራት ቅንጦት ነው» የሚሉ አይጠፉም። ነገሩ ግን ሌላ ነው። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የሕዝብ ሀብት ያለ ርክክብ የሚጠፋው ጠያቂ ስለሌለ ነው። ስለ አንድ ደወል ያልጠየቀ ሕዝብ፣ ስለ ወደብ፣ ስለ መሬት፣ ስለ ባንክ ማን ይመልስለታል? በ2018 ባሕር ኃይሉ እንደገና እንደሚቋቋም ተነገረ። አዲሱ ባሕር ኃይል የቀድሞውን መዝገብ ሳይዝ ከዜሮ ይጀምር?

ፍለጋው ከባድ አይደለም። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከአገልግሎት የወጡ መርከቦቹን ደወሎች እንደ መንግሥት ንብረት መዝግቦ ይይዛል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ አጭር ነው፦ የ«ኦርካ» ደወል በ1962 እዚያው ቀረ ወይስ ከመርከቧ ጋር ተሻገረ? ይህን በአንድ ደብዳቤ መጠየቅ ይቻላል። ሁለተኛው መዝገብ እኛው መካከል ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ያንን ደወል የደወሉ የቀድሞ ባሕረኞች በአሜሪካና በአውሮፓ በስደት ይኖራሉ። ደወሉ ላይ የተጻፈው «ኦርካ» ነበር ወይስ «ኢትዮጵያ»? ፎቶግራፍ ያለው ያውጣ፣ የሚያስታውስ ይናገር፣ ወጣቱም ይቅዳ።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ምስክሮቹ በሕይወት ሳሉ እንጠይቃቸው።

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!