ከፋሲል ግንብ አናት ላይ

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ ስለ ሰሊጥና ስለ ወባ ተነጋግረናል። ዛሬ ግን እግራችንን እናፍታታ። ጎንደር ሄደን የፋሲልን ግንብ እንውጣ።

ከመተማ ዮሐንስ ጎንደር 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ በኮኪት፣ በገንዳ ውኃ፣ በነጋዴ ባሕርና በአይከል አድርጎ አዘዞ ይደርሳል። ሰላም በሆነ ጊዜ በአንድ ቀን ይገባል። እኛ የሄድነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ደጋው ብርድ መሆኑን እያወቅን በሸሚዝ ብቻ ሄድን። አይከል ላይ በረደን።

አብረውን አንድ የመተማ አባት ነበሩ። የሰሊጥ ገበሬ ናቸው። ፊደል የቆጠሩት ከሸበቱ በኋላ ነው። «ስሜን እንዳትጽፉ» ብለውናልና አንጽፈውም።

ግንቡን ያሠሩት አፄ ፋሲል ናቸው። የነገሡት ከ1624 እስከ 1660 ዓ.ም. ነው። በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቆረቆሩ። ከዚያ በፊት ነገሥታቱ አብዛኛውን ጊዜ ድንኳን እየተከሉ ከቦታ ቦታ ይዞሩ ነበር። ግንቡ የተሠራው በድንጋይና በኖራ ነው። ሲሚንቶ በዚያ ጊዜ የለም። ኖራ ማለት የኖራ ድንጋይ ተቃጥሎ የሚገኝ ነጭ ዱቄት ነው። በውኃና በአሸዋ ሲቦካ ድንጋይን ከድንጋይ ጋር ያጣብቃል። የግንቡ ቁመት 32 ሜትር ነው። አሥራ ዘጠኝ ሰዎች አንዱ በሌላው አናት ላይ ቢቆሙ ያን ያህል ይሆናሉ።

በውጭ በኩል ባለው የድንጋይ ደረጃ መውጣት ጀመርን። አባት ትንሽ ወጡና ቆሙ። «ጉልበቴን ቆላ ረስቼው መጣሁ» አሉ። አስጎብኚው ልጅ «አባቴ፣ ቀስ ይበሉ፤ የሚያስቸኩለን የለም» አላቸው። ንጉሡ ከጣራው ላይ ሆነው ሕዝቡን ያናግሩ ነበር ይባላል። ከጣራው በላይ የጸሎት ክፍል አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማማ አለ። ማማ መቼም እናንተ ታውቃላችሁ፤ ከማሽላ ላይ ወፍ የሚጠበቅበት ነው። ይኸኛው ግን የድንጋይ ማማ ነው።

ጭጋግ በሌለበት ቀን ከዚያ ላይ ጣና ይታያል። እኛም በደቡብ በኩል አንድ ነጭ መስመር አየን። ጣና ነው ተባልን። አባት ግን ለጣና ግድ አልነበራቸውም።

«መተማ በየት በኩል ነው?» አሉ።

ልጁ ወደ ምዕራብ ጠቆመ። የሚታየው ተራራ ብቻ ነው። እሳቸው ግን ብዙ ቆመው አዩ።

«ታዲያ ድርቡሽ ሲመጣ ከዚህ ሆኖ ያየ ሰው አልነበረም?»

ጥያቄው ከበደን። በዚያ ጊዜ ግንቡ ባዶ ነበር። ነገሥታቱ ጎንደርን ከተዉ ቆይተዋል። በ1859 ዓ.ም. ደግሞ አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው ከተማይቱን ዘርፈው አቃጥለዋታል። ይህን መስማት የማይወድ ሰው አለ፤ ነገር ግን እውነት ነው። ከዚያም በጥር ወር 1880 ዓ.ም. የድርቡሽ ጦር በመተማ በኩል መጣ። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ደምቢያ ውስጥ ሳር ውኃ ላይ ገጠሙት። ተሸነፉ። ድርቡሽም ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፤ ብዙ ሰው ማርኮ ወሰደ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈች። ጎንደሬዎች «ንብ ወጥቶ አባረራቸው» ይላሉ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም.፣ አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ሲዋጉ ቆስለው ሞቱ። «መተማ ዮሐንስ» የምንለው በእሳቸው ስም ነው።

ያ መንገድ የጦር መንገድ ብቻ አይደለም። በ1691 ዓ.ም. ፖንሴ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም አፄ ኢያሱን ሊያክም በስናር አድርጎ ጎንደር ገብቷል። በኋላም መተማ ትልቅ ገበያ ሆና ቡናውም ሰሙም በእሷ በኩል ያልፍ ነበር። ሰውም እንደ ከብት እየተነዳ ተሽጦባታል።

ይህን ስናወራ አባት ዝም ብለው ሰሙ። ቆይተው እንዲህ አሉን።

«ወገኖቼ የደምቢያ ሰዎች ናቸው። የአያቴን እናት ድርቡሽ ወስዷታል። በዚያው ቀረች። መንገዷን ለማየት ነው እንጂ እኔ ግንብ ምን ያደርግልኛል?»

ምንም አልመለስንም። ልጁም ዝም አለ።

መውረዱ ከመውጣቱ ይብሳል፤ እግር ይንቀጠቀጣል። አባት ግድግዳውን ይዘው ይወርዱ ነበር። ታች ሲደርሱ አንድ ጽሑፍ አዩ። ፊደል በፊደል አነበቡት። «ግድግዳውን አትንኩ» ይላል። «ይኸን ላይ ቢለጥፉት ምን ነበረበት?» አሉና መዳፋቸውን አራገፉ።

ግቢው በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቅርስ ማለት ካለፉት ሰዎች የተረከብነው ሀብት ነው። ጥገና ሲኖር ደረጃው ይዘጋል። ስለዚህ ለመሄድ ያሰባችሁ መጀመሪያ በሩ ላይ ጠይቁ። ጋቢም ያዙ።